አፍ የሌለው ማሽን

ከቤቴ ፊት ለፊት የነበረው ፀጉር ቤት ሲዘጋ በሰፈሩ ውስጥ ደስ ያለኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሴትዮዋ ክፉ ጎረቤት ሆና አይደለም። ችግሩ ካስኳ ነበር። ያ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ በተነሳ ቁጥር የመስመሩ ኃይል እየወረደ የእኔ የጌም ማሽኖች ድርግም ይሉ ነበር። በሁለት ጎል የሚመራው ሰውዬ ጆይስቲኩን ይዞ ጥቁር ስክሪን ላይ ያፈጣል፤ ማዶ ደግሞ አንዷ ፀጉሯ እየደረቀላት መጽሔት ታገላብጣለች። እና ቤቱ ሲዘጋ፣ ከእንግዲህ መብራቱ ለብቻዬ ነው አልኩ።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ፣ ጌም ቤት አለኝ። ድሮ ሱቅ ነበረች፤ መደርደሪያዋ ዛሬም ዘይት ዘይት ይላል። ሦስት አሮጌ ማሽን፣ ሦስት ቴሌቪዥን፣ ከሳንቃ የተመታ አግዳሚ። ደንበኞቼ ሰው እንደሚያወራው ከትምህርት ቤት የፎረፉ ልጆች አይደሉም፤ ሥራ ያላቸው፣ አንዳንዶቹም ሚስት ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሕጉ አንድ ነው፤ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቆያል።

የቤቱ ምሰሶዎች ሦስት ናቸው። ወሰን ሰፈር ጋራዥ ያለው መካኒክ፣ የመገናኛው ታክሲ ሹፌር፣ እና አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ። ማንም ስላልመረጣቸው ኮሚቴ ይባላሉ። ሥራቸውም በየዓመቱ የዳግማ ትንሣኤ እሁድ የሰፈሩን ዋንጫ ማጫወት ነው። ዋንጫው በእርግጥ ዋንጫ አይደለም፤ ከአንዱ ሠርግ የተረፈ የአበባ ማስቀመጫ ነው። ግን ሁለት ጆሮ ስላለው ማንም ተከራክሮ አያውቅም። ዓመቱን ሙሉ ትልቁ ቴሌቪዥኔ ላይ ይቀመጣል። በንግድ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ዋንጫ ያለበት ቤት ሰው አያጣም።

ሌላም ሀብት ነበረኝ። የኳስ ጨዋታዬ አሮጌ ነው፤ አሮጌ በመሆኑ ግን የቡድንና የተጫዋች ስም መቀየር ይፈቅዳል። አንድ ክረምት፣ ዝናቡ ሰው ሲያስቀርብኝ፣ በጆይስቲክ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ አውሮፓን በሙሉ አፈናቅዬ ሰፈሬን አሰፈርኩ። ፈረንሳይ የሚባል ቡድን አለ፣ ወሰን አለ፣ የካ አለ። መካኒኩ የወሰን አጥቂ ነው፤ በእውነቱ ዓለም ከመኪና ሥር ለመውጣት ሰው የሚጎትተውን ሰውዬ እዚያ ላይ ማንም አይደርስበትም። ጸሐፊው ተከላካይ ነው። ፋይል እንደሚያስቆም ኳስ ያስቆማል።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ሴትዮዋ በሯን መልሳ የከፈተችው። ካስኩ የለም። እህቷ ከዱባይ የላከችላት አዲሱ የጌም ማሽን ግን አለ፤ ከካርቶኑ ሳይወጣ ሰፈሩ አውቆታል። ግድግዳውን የሚያህል ስክሪን ሰቀለች። የፀጉር ቤቱን ወንበሮች አልሸጠቻቸውም ነበር፤ እነዚያን በእግር ሲረግጧቸው ከፍ ዝቅ የሚሉትን፣ ክንድ ማስደገፊያ ያላቸውን። መስታወቶቹም አልተነሱም። በሩ ላይ ታክሲ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ለጠፈች፤ «ምቀኛ አታሳጣኝ»። ለፈጣሪ የተጻፈ ጸሎት ነው፤ አድራሻው ግን በቀጥታ ወደ እኔ በር ዞሮ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት መካኒኩ «ለማየት ያህል» ብሎ ተሻገረ። ሹፌሩ ሊፈልገው ሄደ። ጸሐፊው ሁለቱን ሊጠራ ሄዶ ቀረ። እኔ አግዳሚዬ ላይ ተቀምጬ ከማዶ የሚመጣውን ጩኸት አዳምጣለሁ። የሰው ጎል እንዲህ አንጀት ያሳርራል ብዬ አላውቅም ነበር።

በመጨረሻ አላስቻለኝም። ሰበብ ፈልጌ በሯ ላይ ቆምኩ።

«የአንቺም መብራት ይዋዥቃል?» አልኳት።

«ግባ ጎረቤት፤ ደጅ አትቁም» አለች። «ለማየት አይከፈልም።»

ወንበሩ ላይ አስቀምጣኝ በእግሯ ረግጣ ከፍ አደረገችኝ፤ ፀጉሬን ልትቆርጠው የተነሳች ነበር የምትመስለው። ጆይስቲኩን ያዝኩ። ሣሩ ሣር ነው። ተጫዋቹ ሲሮጥ ግንባሩ ያልበዋል። ስታዲየሙ ውስጥ ዝናብ ሲጀምር መዳፌ ላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ሲል ተሰማኝ፤ ጆይስቲኩ ነው የሚርገበገበው። እኔ ቤት ዝናብ የሚሰማው በቆርቆሮው ነው። ቀና ስል መስታወቱ ውስጥ አንድ ጎልማሳ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። አሳዘነኝ። ከዚያ ሸሚዙን ሳየው የእኔ ነው።

ቶሎ ብዬ ማሽኑን አገላብጬ እንከን ፍለጋ ገባሁ። አገኘሁም።

«ሲዲው በየት ነው የሚገባው?»

«አይገባም። ከኢንተርኔት ነው የሚወርደው።»

«አፍ የለውም ማለት ነው?»

«ምን?»

«አፍ! ሲዲ የሚጎርስበት!»

«ምን ያደርግለታል፤» አለች «ያንተ ለሁለታችሁም ይበቃል።»

መካኒኩ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ጎል ገባበት። ያቺ አንዷ ደስታዬ ነበረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰባኪ ሆንኩ። ያልኩትን ሁሉ ዛሬም አምንበታለሁ። ሲዲ የገዛ ሰው ሲዲ አለው፤ ያጫውታል፣ ያከራያል፣ ይለውጣል፣ ሲቸግረው ይሸጣል። አፍ የሌለውን ማሽን የገዛ ሰው ግን የገዛው ፈቃድ ነው። ባለቤቱ ባሕር ማዶ ተቀምጦ ሐሳቡን የቀየረ ቀን፣ አንተ ቤት ያለውን ዕቃ እሱ ይቆልፈዋል። ጨዋታ ሠሪ ኩባንያዎቹስ? በየዓመቱ ያንኑ ኳስ ማልያ ቀይረው ይሸጡልናል። እኔ ባለሱቅ ሳለሁ ያንኑ ዘይት ጄሪካን እየቀየርኩ አዲስ ነው ብል ኖሮ ሰፈሩ በድንጋይ ይሸኘኝ ነበር። ጨዋታውን አጉድለው ይሸጡና ጎዶሎውን ደግሞ በቁራጭ ያስገዙሃል። የስም መቀየሪያውንም በር ዘግተውታል፤ ወሰን የሚባል ቡድን እዚያ ውስጥ አይገባም።

አንድ ቀን ይህን ሁሉ ለሹፌሩ ስተነትንለት እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ያልከው ሁሉ እውነት ነው» አለ። «ግን ቅናትም አለበት።»

«እውነትና ቅናት አንድ ታክሲ አይሳፈሩም ያለህ ማነው?»

«ኧረ ተሳፍረዋል። ጋቢና የተቀመጠው ግን ቅናቱ ነው።»

ዳግማ ትንሣኤ ሲቃረብ ኮሚቴው እኔ ቤት ተሰበሰበ። ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ኮሚቴው በጉዳዩ ላይ በጥልቀት ከተወያየ በኋላ፣ ከመቀመጫ ምቾት አንፃር፣ የዘንድሮው ዋንጫ ማዶ እንዲካሄድ ወስኗል» አለ።

«የእኔው አግዳሚ ላይ ተቀምጣችሁ ነው ይህን የወሰናችሁት?»

«ውሳኔውን ያፋጠነው አግዳሚው ነው» አለ መካኒኩ ወገቡን ይዞ።

ዋንጫውን በሁለት ጆሮው ይዘው ተሻገሩ። ቴሌቪዥኔ ላይ አቧራ ያልነካው ክብ ቦታ ቀረ። ልጠርገው ብዬ ተውኩት።

እሁድ ከሰዓት በሬ ላይ ቆሜ አንዱን መስኮት ደጋግሜ እወለውላለሁ። ማዶ ሰፈሩ በሙሉ ገብቷል፤ ከየካ ጥግ ጭምር የመጣ አለ። ጩኸት ጠበቅሁ። የለም። ትንሽ ቆይቶ መካኒኩ ወጣና ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቶ መዞር ጀመረ። ቀጥሎ ሹፌሩ ወጥቶ ወደ ዳገቱ ሄደና የሱንም አነሳ።

«ምን ጠፋባችሁ?» አልኩ።

«ምንም።»

«ኔትወርክ ነው?»

ሹፌሩ መሬት መሬት አየ። «አፕዴት ነው። ጨዋታው ካልታደስኩ አልከፈትም ብሏል።»

«ትናንት ሲሠራ አልነበር?»

«ትናንት ትናንት ነው። ባለቤቶቹ ዛሬ አደሱት።»

«እናንተን ጠይቀው?»

ስልኩን እንደገና አነሳ። የስልካቸውን ፓኬጅ እንደ ዕድር እያዋጡ ነበር፤ የአንዱ ሲያልቅ የሌላው ይቀጥላል። ስክሪኑ ላይ ያለችው ሰማያዊ መስመር ግን እንደ መገናኛ መንገድ ቆማለች። ደስታዬን የምደብቅበት ስላጣሁ ቤት ገብቼ ንጹሕ ጆይስቲክ ጠረግሁ።

ሴትዮዋ መንገዱን ተሻግራ መጣች።

«ጎረቤት፣ ማሽንህን አውሰኝ።»

«ዋንጫውን ይዘው እዚህ ይምጡ። በሬ ክፍት ነው።»

«ያን ሁሉ ሰው? ቤትህ ሲሶውንም አይችልም። አስቀምጫቸዋለሁ፣ ለስላሳ ከፍቻለሁ… ሰው ፊት አታሳፍረኝ።»

ከትከሻዋ በላይ ያ ጽሑፍ ይታየኛል። ብከለክል ሰፈሩ ስሜን በሩ ላይ ከተለጠፈው ጋር ያገጣጥመዋል። ብሰጥ ዋንጫውን በገዛ እጄ አሳልፌ ሰጠሁ። ነጋዴ ነኝና ኪሳራውን አመዛዘንኩ፤ ሞኝ መባል ከምቀኛ ይረክሳል። ማሽኑን ነቅዬ ራሴ አቅፌ ተሻገርኩ፤ ለሌላ ሰው አልሰጠሁም።

ግድግዳ በሚያህለው ስክሪን ላይ የእኔ ጨዋታ ሲከፈት ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየ። እኔ ቤት መልከ መልካም የነበሩት ተጫዋቾች እዚያ ፊታቸው አራት ማዕዘን ሆነ። ጣቶቻቸው ተጣብቀዋል። ተመልካቹ ከካርቶን የተቆረጠ ነው። ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ማን እንደሆነ እስካሁን እያጣራሁ ነው።

ከዚያ ግን የቡድኖቹ ስም ወጣ፤ ወሰን ከፈረንሳይ። የተጫዋቾቹ ስም ሲደረደር ወንበሮቹ ባዶ ሆኑ፤ ሁሉም ቆመ። «ያውና እኔ!» «አንተ ተጠባባቂ ነህ፣ ዝም በል!» የእንግሊዙ ተራኪ እነዚህን ስሞች አያውቃቸውምና ኳስ በነኩ ቁጥር ስማቸው ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ዝምታውን ቤቱ በአንድ ድምፅ ይሞላዋል። መካኒኩ ኳስ ይዞ ሲገባ ስሙን መንገድ ላይ የሚያልፈው ሁሉ ሰማው። አንደኛው መስታወት ውስጥ ሴትዮዋን አየኋት። ፈገግ ብላ አልነበረም። እኔ የእሷን ዝናብ ያየሁበት ዓይን እንዴት እንደሚመስል አውቀዋለሁ፤ ያንኑ ዓይን ነበር የያዘችው።

ዋንጫውን ሹፌሩ በላ። ስሞ ሲያበቃ መስታወቱ ሥር፣ ድሮ ሻምፖ የሚደረደርበት ቦታ ላይ አስቀመጠው። ሰው ሁሉ ሲወጣ እሷን፣ «እናመሰግናለን እህታችን፤ ወንበሩ ደግሞ!» ይላታል። እኔን፣ «ማሽንህን እንዳትረሳ» ይለኛል። ገመዱን እየጠቀለልኩ ሳለ ከጀርባዬ ቺንግ የሚል ድምፅ ሰማሁ። አፕዴቱ አልቆ ነበር። ኮሚቴው ከበሩ ተመልሶ ተቀመጠ። ሁለት እጄ ማሽን ስለያዘ በሩን በክርኔ ከፈትኩት።

ያን ሳምንት ዋልኩ እንጂ አልሠራሁም። ዓርብ ዕለት ታክሲ ይዤ መገናኛ ወረድኩና አንድ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ። ያን ሁሉ ስብከት ሰብከህ ምን ልትሠራ መጣህ ለሚለኝ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ የምገዛው አፍ ያለውን ነው።

«አዲሱን ማሽን» አልኩት ባለሱቁን። «ሲዲ የሚጎርሰውን።»

«አፉን ነው?» አለ ወዲያው። «እሱ ለብቻው ይሸጣል።»

«እንዴት ለብቻው?»

«ማሽኑ እንዲሁ ይመጣል። አፍ የፈለገ ጨምሮ ገዝቶ ይገጥምለታል። ኩባንያው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፣ እንዲህ አትየኝ።»

በንግድ ያላየሁት የለም። በግ ሸጬ አውቃለሁ። ከአንገቱ በላይ ተጨማሪ ነው ብዬ ግን አላውቅም። እንደ ነጋዴ አደነቅኋቸው። ያም አናደደኝ።

«እሺ፣ አፉን አሳየኝ።»

«አንድ ነበር፣ አለቀ። ትናንት አንዲት ሴትዮ ወሰደችው። ፀጉር ቤት ነው ጌም ቤት ያላት፣ አልገባኝም።»

ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። በሯ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ እኔን ስትጠብቅ ነው።

«ጎረቤት፣ አፍ ገዛሁለት።»

«እንኳን ደስ ያለሽ።»

«የሚበላው ግን አንተ ጋ ነው።»

ያልገባኝ መስዬ ቆምኩ።

«ሲዲ የገዛ ሲዲ አለው፣ ያከራያል ስትል አልነበር? ይህ ሰፈር ላይ ስብከትህን ያልሰማ አለ? አዲሱ የድሮውንም ሲዲ ይጎርሳል ብለውኛል። አንድ ካርቶን ሙሉ እንዳለህ መካኒኩ ነግሮኛል። እኔ ኢንተርኔቱ ፓኬጄን በላው። አከራየኝ።»

ያቺ ደቂቃ ጣፋጭ ነበረች፤ ሳልቸኩል አላመጥኳት።

«ዋንጫው ሲመለስ እናወራለን» አልኩ።

«ዋንጫው የኮሚቴው ነው።»

«ኮሚቴው የወንበርሽ ነው።»

ሳቀች። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ካርቶኑ ያለበትን መደርደሪያዬን አየች። ከዚያ ገብታ ዋንጫውን በሁለት ጆሮው ይዛ ወጣች።

አሁን ዋንጫው ቴሌቪዥኔ ላይ፣ ያ ክብ ቦታው ላይ ተመልሷል። የሚመጣው ዳግማ ትንሣኤ እኔ ቤት ነው፤ አግዳሚውን ያልወደደ ይቆማል። ካርቶኑን አከራየኋት፤ የኳሱን ሲዲ ግን አወጣሁት። ማዶ ዝናብ ሲዘንብ፣ የሷ ሰዎች መዳፋቸው ላይ ጠብ ጠብ ሲል፣ አሁንም መስኮቴን መወልወል እጀምራለሁ። ተለጥፎ የቀረውን ጽሑፍም በቀን ስንቴ እንደማነበው እኔ ነኝ የማውቀው። ጸሎቷ ሠምሮላታል። ምቀኛ ባታገኝ ኖሮ ማሽኗ ጾሙን ያድር ነበር።