ካብ ላይ የተሰጣው ቦርድ

ነፍሱን ይማረውና፣ አባቴ የሬዲዮኑ ባትሪ ድንጋይ ሲደክምበት ግቢያችን ካብ ላይ ፀሐይ ያሰጣው ነበር። የእንጅባራ ፀሐይ ደግሞ እንግዳ ናት፤ ብቅ ስትል ይሮጥላታል።

ባለፈው ክረምት ለመመረቂያ ሥራዬ ፕሮግራም የምጭንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ፣ መብራቱ እየበራ ከላፕቶፔ ጋር አልገናኝ አለኝ። ስነቅል ስሰካ ረፈደ። እናቴ «ብርድ ገብቶት ነው» ብላ ከእጄ ነጠቀችና እዚያው ካብ ላይ አሰጣችው። ልቆጣ ስል አባቴ ትዝ አለኝና ተውሁት።

ከሰዓት አምጥታ «እስኪ ሞክረው» አለችኝ። ገመዴን ፈልጌ ባጣው በስልኳ ገመድ ሰካሁት። ወዲያው ተገናኘ!

«አባትህ መች ተሳስቶ ያውቃል!» አለች እንባዋን እየጠረገች።

ገመዴን በማግስቱ አገኘሁት። ቦርዱ በእናቴ ገመድ ወዲያው መገናኘቱን ሳስብ ገባኝ፤ ለካ የእኔው ቻርጅ ከማድረግ በቀር መረጃ የማያስተላልፍ ኖሯል። እናቴ የጥጃውን ጋጣ በር አስራበታለች።

አልፈታሁትም።