ያልደረሰኝ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ዶላር

ይህ ነገር ከደረሰብኝ አስር ዓመት ሊሆነው ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ባየሁ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል። ሎስ አንጀለስ ደግሞ በየመብራቱ ሦስት አራቱ ቆመው ስለሚጠብቁኝ፣ ቀኑን ሙሉ ትዝ ሲለኝ ይውላል።

ያኔ ታክሲ እነዳ ነበር፣ የምንኖረውም ኢንግልዉድ ነው። ሰዉ በስልኩ መኪና መጥራት የለመደበት ሰሞን ስለነበር ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ሦስት ሰዓት ተገትረን እንውላለን። ሥራ የጠፋበት ሹፌር ሥራው ወሬ ነው። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት ፌርፋክስ ሄደን ሽሮ ስንበላም ያው ወሬ ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ እኔ ፕሮፌሰር ነበርኩ፣ በተለይ በታክስ ጉዳይ።

"እኔ ለዚህ መንግሥት የገቢ ታክስ ከፍዬ አላውቅም!" እል ነበር ድምፄን ከፍ አድርጌ። ማይሉን፣ ስልኩን፣ ማሳጠቢያውን፣ ምኑን ቅጡን ሁሉንም ኤክስፔንስ፣ የሥራ ወጪ ነው ብዬ ከገቢዬ አስቀንሳለሁ። ዓመቱ ሲዘጋ ታክሴ ዜሮ ነው። ጓደኞቼም ገድል እንደሚነበብላቸው ሰው ጸጥ ብለው ያዳምጡኛል። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ያኔ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፣ ቢኖርም አላስናግረውም ነበር።

አንድ ቀን አንድ ተሳፋሪ አዲስ ኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው ሰባት ሺህ አምስት መቶ ዶላር ታክስ ክሬዲት እንደሚያገኝ ነገረኝ። ለኔ ቼኩ በፖስታ ሲመጣ ታየኝ። እንግዲህ እገዛለሁ፣ ጥቂት ወር እነዳለሁ፣ ከገዛሁበት ትንሽ ቀነስ አድርጌ እሸጣለሁ፣ ቼኩ ትርፍ ይሆናል። ማንንም አልጠየቅኩም። ፕሮፌሰር ማንን ይጠይቃል?

የጎደለኝ ለዳውን ፔይመንት፣ ለቅድሚያ ክፍያው የሚሆን ገንዘብ ነበር። እሱ ደግሞ ባለቤቴ ሰናይት እጅ ነበር። ሰናይት ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ናት። ነርሲንግ ለመማር ብላ እቁብ ትጥላለች፣ ያን ጊዜ ዕጣው ለሷ ወጥቶላት ነበር። ትምህርቱ የሚጀመረው በሚቀጥለው ነሐሴ ነው። ለመንኳት። "እስከ ሚያዝያ ከነትርፉ እመልስልሻለሁ" አልኳት።

"እርግጠኛ ነህ?" አለችኝ።

"በታክስ ነገር እኔን እንዲህ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ?"

ሰጠችኝ። ሰማያዊ ሚጢጢ መኪና ገዛሁ፣ የቀረውን ከባንክ ተበደርኩ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ፌርፋክስ ላይ አስተማርኩ። ከተማሪዎቼ ሁሉ ጎበዙ ብርሃኑ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ነበር። የምለውን ናፕኪን ላይ ይጽፍ ነበር።

የካቲት ላይ ወረቀቴን ይዤ እትዬ ዘነበች ጋ ሄድኩ። እትዬ ዘነበች እዚያው ፌርፋክስ ከአንድ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ የግማሹን ሐበሻ ታክስ ይሠራሉ። የመኪናውን ወረቀት አገላበጡና "ለመንዳት ነው የገዛኸው ወይስ ለመሸጥ?" አሉኝ።

"ለመሸጥ ነው እንጂ እትዬ!" አልኩ በኩራት።

መነጽራቸውን አወለቁ። "አልሰማሁም እንዳልል ሰምቻለሁ። ሊሸጥ ለገዛ ሰው ይህ ነገር አይሰጠውም።"

"እንግዲያው ለመንዳት ነው! ሰናይት ናት የምትነዳው።"

"አንተ ልጅ፣ ዝም ብለህ አትድከም። ብትነዳውም ብትሸጠውም ላንተ ያው ነው። ክሬዲቱ የሚቀነሰው ልትከፍለው ከሚገባህ የገቢ ታክስ ላይ ነው። ያንተ ስንት ነው?"

"ዜሮ።"

"ታዲያ ከዜሮ ላይ ምን ልቀንስልህ?"

ለሚመጣው ዓመት ይተላለፍልኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አይተላለፍም አሉኝ። ለመዋሸት ተዘጋጅቼ ነበር እኮ! ውሸቴንም የሚፈልገው ጠፋ።

ቢያንስ መኪናውን ልሽጥ ብዬ አስወራሁ። መጀመሪያ የመጣው ብርሃኑ ነው። ዞር ዞር ብሎ አየና "ሃያ አንድ ሺህ" አለኝ።

"አብደሃል? በሰላሳ ነው የገዛሁት!"

"አዲሱ ሰላሳ ነው። ሰባት ሺህ አምስት መቶው ሲቀነስ ሃያ ሁለት ተኩል ይመጣል። ያንተ ደግሞ ተነድቷል። ራስህ አይደለህ እንዴ ያስተማርከኝ?"

የብርሃኑ ሚስት ሆስፒታል ትሠራለች፣ ደህና ታክስ ይከፍላሉ፣ አዲሱን ቢገዛ ክሬዲቱ ሙሉ በሙሉ ይደርሰዋል። እኔ ግን ያልተሰጠኝ ገንዘብ ተቀነሰብኝ። "ኧረ ለኔ አልሰጡኝም!" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብለው ያ ሁሉ ትምህርቴ ገደል ሊገባ ነው። ዋጥኩት። ከሱ በኋላ የመጡትም ያንኑ ሂሳብ እየሠሩ መጡ። በዚያ ዋጋ ብሸጥ የባንኩን ዕዳ እንኳ አይዘጋም።

ሚያዝያ ሲደርስ ለሰናይት ነገርኳት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደምትለኝ ጠብቄ ነበር። እሷም አለች፤ ግን እዚያ ላይ አላቆመችም። "የተረቷ ሴትዮ እኮ የጣለችው የራሷን ነው። አንተ የጣልከው የኔን ነው።"

አልጮኸችም፣ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እቁቡን ቀድማ ስለበላች በየወሩ መክፈሏ አላቆመም። የእያንዳንዱን ወር ቆጥራ ስታወጣ አያለሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሥራ ስመለስ ወረቀት ዘርግታ ጠበቀችኝ። ለካ የታክስ ወረቀታችንን ኮፒ ይዛ ብቻዋን ኮሌጁ ሄዳለች። "ገቢያችሁ ይህ ብቻ ከሆነ የትምህርቱን ክፍያ አትከፍይም ብለውኛል። እዚህ ጋ ፈርም" አለችኝ።

አነበብኩት። ገቢያችን ዝቅተኛ መሆኑንና ለመክፈል አቅም እንደሌለን አረጋግጣለሁ ይላል። የፌርፋክሱ ፕሮፌሰር ፈረመ።

"ሰኒዬ፣ ይቅር በይኝ" አልኳት።

"እሱን ሌላ ቀን። አሁን የመኪናውን ቁልፍ አምጣ።"

ነሐሴ ላይ ጀመረች። ቀን ካሸር፣ ማታ ተማሪ፣ ልጇ የምትሆን ልጅ አጠገብ ቁጭ ብላ። ያቺን ሰማያዊ መኪና እስክትመረቅ ነዳቻት። እኔ ብድሩን ከፈልኩ፣ ውስጧ ለመቀመጥ ግን ማስፈቀድ ነበረብኝ።

ዛሬ ሰናይት ነርስ ናት፣ ታክስም እንደ ሰው እንከፍላለን። ገንዘቡን ረስቼዋለሁ። ያን ቀን ኮሌጁ ቢሮ ብቻዋን ተሰልፋ መቆሟን ሳስብ ግን አሁንም አፍራለሁ። የተመረቀች ቀን ጓደኞቼ "ጎበዝ! ሚስትህን አስተማርክ!" እያሉ ተራ በተራ ጨበጡኝ። አፌን ልከፍት ስል ሰናይት ጋዋኗን እንደለበሰች ቆማ ታየኛለች።

"እኔ አይደለሁም፣ ራሷ ናት" አልኩ።

ትሕትና መሰላቸው፣ ይበልጥ አመሰገኑኝ።