አፉ የማይገጥመው ዓሣ

አባቴ ምግብ አልወርድ ያለው በመስከረም ነው። ለእንቁጣጣሽ የጋገርኩትን ዳቦ እየበላ ሳለ ድንገት ማኘኩን አቆመ፤ አንገቱን ወደ ፊት አስግጎ ዓይኑን ጨፈነ። "ምነው አባባ?" ስለው እጁን አወዛወዘ። ውኃ ሰጠሁት። ውኃውም ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። ከዚያ ፈገግ ብሎ "ጉሮሮዬ ጠበበኝ" አለና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋው። ያን ቀን ሁለታችንም እንደ ቀልድ አለፍነው።

በጥቅምት ዳቦ ተወ። ቀጥሎ እንጀራ ተወ፤ በወጥ አርሼ ብፈተፍትለትም እምቢ አለው። ገንፎ፣ ከዚያ ቅንጬ፣ ከዚያ አጥሚት እያልን ወረድን። አንድ ጠዋት ቀበቶውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አየሁትና የዚያኑ ዕለት በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድኩት።

ሐኪሟ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። በጉሮሮው ካሜራ አስገብታ ካየች በኋላ እኔን ለብቻዬ ጠራችኝ። ምግብ የሚወርድበት ቱቦ ላይ እጢ እንዳለና ከቆየ ብዙ ጊዜ እንደሆነው ነገረችኝ። "እዚህ አካባቢ ይሄን በሽታ ብዙ እናያለን" አለች። "አሁን ለማውጣት ረፍዷል። አዲስ አበባ ብትወስጂው በሆዱ በኩል የመመገቢያ ቱቦ ሊያስገቡለት ይችላሉ። በሽታውን ግን አያድነውም።"

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ያንን ቱቦ በየዓመቱ በጠመኔ እስለዋለሁ፤ ከአፍ እስከ ጨጓራ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ ተማሪዎቹም ቀላል ስለሆነ ይወዱታል። ከሆስፒታሉ ስንወጣ አባቴ ምን እንዳለችኝ አልጠየቀኝም። ጋሪዎቹ የቆሙበት ጋ ደርሶ አንዱን ፈረስ ግንባሩን ዳበሰውና "ይሄ ጉልበቱን ያመዋል" አለ። ከዚያ ወደ ቤት ሄድን።

እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ታላቅ ወንድሜ አዳማ ነው የሚኖረው። ቤት ውስጥ እኔና አባቴ ብቻ ነበርን፤ ከሰዓት ላይ ደግሞ ጎረቤታችን ይመጣሉ። ጎረቤታችን የኦጎልቾ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው እዚሁ አሰላ ላይ ጡረታ የወጡ። አባቴ መኪናቸውን ሲጠግን የጀመሩት ወዳጅነት ነው። አማርኛውንና ኦሮምኛውን እየቀላቀሉ ያወራሉ፤ አባቴንም በስሙ ጠርተውት አያውቁም፣ "መርከበኛው" ነው የሚሉት። እውነትም አባቴ ጋራዥ ከመክፈቱና የእርሻ ትራክተር መጠገን ከመጀመሩ በፊት፣ በጉብዝናው ወራት፣ ከምጽዋ በሚነሳ የጭነት መርከብ ላይ የሞተር ክፍል መካኒክ ነበር።

ስለዚያ ዘመን ብዙ ነገር አላወራልንም። ወደቡን፣ ጓደኞቹን፣ እንዴት እንደተመለሰ አይናገርም። የሚያወራው አንድ ነገር ብቻ ነው። መርከባቸው ኤደንን አልፋ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሳለች የመርከቧ ወጥ ሠሪ ቱና የሚባል አንድ ትልቅ ዓሣ ያጠምድና ሆዱን ይቀደዋል። ከውስጡ አባቴ ከቆመበት እስከ ደረቱ የሚደርስ፣ ውፍረቱ ከጣት የሚያንስ ጥቁር ነገር ወጣ። ጅራቱ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ ክር ሆኗል። አፉ እንደ ወፍ ምንቃር ረጅም ነው፤ ግን የላይኛው ወደ ላይ፣ የታችኛው ወደ ታች ተቆልምሟል። አባቴ በሁለት ጣቱ ይዞ ሊያጋጥመው ሞከረ። አልገጠመም። ወጥ ሠሪው ጅራቱን ይዞ ወደ ባሕር ወረወረው።

አንድ ቅዳሜ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ "አንቺ፣ ያ ዓሣ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ልሞት ነው?" አለኝ።

የሞት ነገር ከአፉ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። "እፈልግልሃለሁ" አልኩት።

ተማሪ ሳለሁም ፈልጌው ነበር፤ ያኔ የነበሩን መጻሕፍት ከሐይቅና ከወንዝ ዓሣ አያልፉም። ሰኞ ዕለት በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ በስልኬ እንደገና ጀመርኩ። እባብ የሚመስል፣ ምንቃር ያለው፣ ጥልቅ ባሕር ውስጥ የሚኖር እያልኩ ጻፍኩ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ምስሉ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ተከፈተ። መጀመሪያ ጨለማ ውኃ ታየኝ፤ ከዚያ ሁለት ቀጫጭን መንጋጋዎች፣ አንዱ ወደ ሰማይ አንዱ ወደ ምድር የዞሩ። የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ እንዴት እንዳስተማርኩ አላስታውስም።

ቤት ስገባ ጎረቤታችን አጠገቡ ተቀምጠዋል። ስልኩን ሰጠሁት። መጀመሪያ አራቀው፣ ቀጥሎ አፍንጫው ሥር አስጠጋው።

"እሱ ነው" አለ በመጨረሻ። ስልኩን ለጎረቤታችን አቀበላቸው። "እሱ ነው ስልህ! ዓይኑን እየው፣ ትልቅ ነው ብዬህ አልነበር?"

ጎረቤታችን መነጽራቸውን አድርገው አዩት። "ያ ረቢ! ይሄ ዓሣ ነው ወይስ የጫማ ማሰሪያ?"

በአማርኛ ስም የለውም። ፈረንጆቹ ያወጡለት ስም ረግረግ ላይ ጭቃ እየወጋች ከምትመገብ ባለ ረጅም ምንቃር ወፍ የተወሰደ ነው። ይህን ስነግራቸው ጎረቤታችን ወፏን ወዲያው አወቋት፤ በክረምት ከመስኩ ድንገት ብር ብላ የምትነሳ መሆኗን ነገሩን። አባቴ ግን ስሙ ብዙም አልገረመውም። ማወቅ የፈለገው ኑሮውን ነበር። "ምን ይበላል? የት ነው የሚውለው?"

ከዚያን ቀን በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ በስልኬ ያነበብኩትን ወደ አማርኛ እየመለስኩ እነግራቸው ጀመር። ዓሣው የሚኖረው የፀሐይ ብርሃን በማይዘልቅበት ጥልቀት ነው። ወለሉ ላይ አይተኛም፤ መሐል ውኃ ላይ፣ ከላይም ከታችም ምንም በሌለበት ይንሳፈፋል። በጥልቅ ጠላቂ መርከብ የወረዱ ሰዎች እንደ ተሰቀለ ገመድ ቀጥ ብሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ሳይንቀሳቀስ አይተውታል። መንጋጋዎቹ ወደ ኋላ በዘመሙ እጅግ ጥቃቅን ጥርሶች የተሸፈኑ ናቸው። ሽሪምፕ የሚባሉት ትንንሽ የባሕር እንስሳት እንደ ክር የረዘመ ጺም አላቸው፤ ክሩ ከጥርሶቹ ጋር ሲነካካ ይያዛል ተብሎ ይታሰባል።

"የበግ ፀጉር አጋም ላይ እንደሚቀረው ማለት ነው" አልኳቸው።

"እና አያባርርም?" አለ አባቴ።

"ብዙም አያባርርም። ይጠብቃል።"

"ጨለማ ውስጥ?"

"ጨለማ ውስጥ።"

አባቴ እጁን ጉሮሮው ላይ አድርጎ አሰበ። በዚያ ሰሞን ከተማው ቀዝቅዞ ነበር፤ የጭላሎ ተራራ ጠዋት ጠዋት በጭጋግ ይሸፈናል፣ ከሰዓት ደግሞ ከኢተያ በኩል ያለው ስንዴ እየታጨደ አቧራው እስከ እኛ ይደርሳል። በየዓመቱ በአጨዳ ወቅት የኮምባይነር ሹፌሮች በራችንን ያንኳኩ ነበር። ዘንድሮ አንድ ሰው ብቻ መጣ፤ አባቴን በረንዳው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሲያየው ሥራውን ሳያነሳ ጤናውን ጠይቆ ሄደ።

ከጉድ ሁሉ የገረማቸው የዓሣው ፊንጢጣ ነው። አካሉ ያን ያህል ረዝሞ፣ ከእንስሳት ሁሉ የበዛ የአከርካሪ አጥንት ይዞ፣ የሚጸዳዳበት ቀዳዳ ግን ጉሮሮው ሥር ነው። ይህን ስናገር ጎረቤታችን ከት ብለው ሳቁ። "ታዲያ ያ ሁሉ ጅራት ምን ይሠራል? ተሳቢ ነዋ!" አሉ። አባቴም ሳቀ። በወራት ውስጥ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ፣ ሳሉም አልቆም አለ፤ ጀርባውን ይዤ ጎድን አጥንቶቹን በሹራቡ ላይ አንድ በአንድ ዳሰስኳቸው። ጎረቤታችን ዓይናቸውን ወደ ግቢው መለሱ። "ረቢ ሲ ሃ ፈይሱ" ብለው ምሕረት ተመኙለትና ቀስ ብለው ወጡ።

ወንድሜ እሑድ እሑድ ይመጣል። አጥሚቱም በማንኪያ መሆን ሲጀምር አዲስ አበባ ሐኪም አነጋግሮ፣ መኪና ተከራይቶ መጣ። "ሰኞ ይዤው እሄዳለሁ። ቱቦው ይገባለታል" አለኝ ወጥ ቤት ውስጥ። "ዓይናችን እያየ በረሃብ ይሙት?"

እኔም የምፈራው እሱኑ ነበር። በቀን ብዙ ጊዜ ማንኪያ ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ "አንዴ ብቻ አባባ፣ ስለ እኔ ብለህ" እለዋለሁ። ለእኔ ብሎ ይሞክራል፤ ሲመለስበት ደግሞ ይቅርታ ይጠይቀኛል።

በዚያው ከሰዓት ሦስታችንም በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ "የዓሣውን አልጨረስሽልኝም" አለ። "እንዴት ነው የሚወልደው?"

ያን ክፍል ካነበብኩት ቀናት አልፈዋል። ልተወው ፈልጌ ስለ ጫጩቶቹ ጀመርኩ። ከእንቁላል ሲወጡ ወላጆቻቸውን አይመስሉም፤ እንደ መስታወት የጠራ፣ እንደ ቅጠል የሳሳ አካል አላቸው፣ በስተጀርባቸው ያለው ነገር በእነሱ ውስጥ ይታያል አልኩ። አባቴ አዳመጠኝና "ወላጁስ?" አለ።

ወንድሜን አየሁት። እሱ ስልኩን ነው የሚነካካው።

"ወንዱ ለመራባት ሲደርስ ጥርሱ ይረግፋል" አልኩ። "ያ ረጅም ምንቃሩም ያጥራል። መልኩ ስለሚለወጥ ድሮ ሌላ ዓይነት ዓሣ መስሏቸው ነበር። የማሽተቻ ቀዳዳው ግን ይሰፋል፤ ሴቲቱን በጠረኗ የሚፈልጋት ሳይሆን አይቀርም።"

"ጥርስ ከሌለው በምን ይበላል?"

"አይበላም አባባ። ከወለደ በኋላ ይሞታል ነው የሚሉት። በዓይኑ ያየ ግን የለም።"

ወንድሜ ቀና አለ። "ምን ዓይነት ወሬ ነው ለበሽተኛ የምታወሪው?" ብሎ ጮኸብኝ።

አባቴ እጁን አንስቶ ዝም አሰኘው። ወደ እኔ ዞሮ "ይርበዋል?" ብሎ ጠየቀኝ።

"አላውቅም።"

"እኔን አይርበኝም" አለ። "በፊት ይርበኝ ነበር፤ የወጥ ሽታ ሲመጣ አፌ ውኃ ይሞላ ነበር። አሁን ከቀረ ሰንብቷል። እናንተ በረሃብ ይሞታል ብላችሁ ትጨነቃላችሁ፣ እኔ ግን አይርበኝም። የሚያደክመኝ ማንኪያው ነው።"

"ቱቦው እኮ ማንኪያ አያስፈልገውም" አለ ወንድሜ። ድምፁ እንደ ልጅ ሆኖ ነበር።

"ልጄ፣ ሆዴን ተቀድጄ አዲስ አበባ መተኛት አልፈልግም። እዚሁ ልቀመጥ። እሷ ታንብብልኝ።"

ወንድሜ ተነስቶ ወደ ግቢው ወጣ። ጎረቤታችን በሩ ላይ አገኙትና ትከሻውን አቅፈው ብዙ አዋሩት፤ ምን እንዳሉት አልሰማሁም። ሰኞን ሳይጠብቅ በዚያው ከሰዓት ባዶውን መኪና ይዞ ወደ አዳማ ተመለሰ። እኔ ማንኪያውን አጥቤ ቦታው መለስኩት። ከዚያ በኋላ የአባቴን ከንፈር በእርጥብ ጨርቅ ማርጠብና፣ ሲጠይቅ ብቻ ትንሽ ወተት መስጠት ሆነ ሥራዬ። ነርሷ እየመጣች የሕመም ማስታገሻ ትወጋው ነበር። የማነበው ሲያልቅብኝ ስለ ሌሎች የጥልቅ ባሕር ፍጥረታት አነበብኩለት፤ እሱ ግን በጨዋነት ነው የሚሰማኝ፣ ልቡ እዚያ አልነበረም። አንዳንዴ ዓይኑን ጨፍኖ የመርከብ ሞተር ድምፅ በአፍንጫው ያንጎራጉራል።

ከገና በኋላ አንድ ጠዋት፣ ትምህርት ቤት ልሄድ ጫማዬን ሳስር፣ ትንፋሹ እየራቀ ሲሄድ ሰማሁ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጎረቤታችንን ለመጥራት ጊዜ አላገኘሁም። ፊቱ ላይ ምንም ጭንቀት አላየሁበትም፣ ሰላምም ነበር ብዬ ግን አልናገርም፤ የደከመ ፊት ነበር።

ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው መጣ። ጎረቤታችን ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ አብረው ሸኙት፤ ሙስሊም ስለሆኑ ሥርዓቱ እስኪያልቅ ውጪ ቆመው ጠበቁ። ድንኳኑ ውስጥም ሦስቱንም ቀን ከወንድሜ ጎን ተቀመጡ። ወንድሜ ከሁሉም ጋር አወራ፤ ከእኔ ጋር ግን ስለ ወንበርና ስለ ንፍሮ ካልሆነ በቀር አላወራም።

ድንኳኑ ሲፈርስ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጎን ለጎን ቆምን። ረዳቱ "አዳማ! አዳማ!" እያለ ይጣራል።

"ቱቦው ገብቶለት ቢሆን ለፋሲካ ይደርስ ነበር" አለ ወንድሜ፣ ሳያየኝ።

"ምናልባት" አልኩት።

"እና አይጸጽትሽም?"

ቀን ቀን የማምንበትን፣ አባባ የፈለገውን አደረግን የሚለውን መልስ ልነግረው አስቤ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ግን ተውኩት። "አላውቅም" አልኩት። እሱም ራሱን ነቀነቀና ገባ። በመስኮቱ በኩል እጁን እንዲያወዛውዝልኝ ጠበቅሁ፤ ረዳቱ በሩን ዘግቶ ሚኒባሱን በእጁ መታ መታ አደረገ፣ ሄዱ። አሁንም በሁለት ሳምንት፣ በሦስት ሳምንት አንዴ ይደውላል። ስለ ልጆቹ ይነግረኛል፣ ስለ ብርዱ ይጠይቀኛል። በረንዳው ላይ ስላሳለፍነው ስለዚያ ከሰዓት ግን አንስተን አናውቅም።