የማይነሳው ደንበኛ

ሥራ የጀመርኩ ቀን እትዬ የሺ ማንቆርቆሪያና ሳፋ አስያዙኝና እጅ ማስታጠብ አስተማሩኝ። እትዬ የሺ ሰበታ ላይ፣ ከጅማ መንገድ ዳር ያለው ምግብ ቤት ባለቤት ነበሩ። ፎጣው በግራ ትከሻ ነው፣ ውሃው በቀጭኑ ይወርዳል፣ ማስታጠቡ ከሽማግሌ ይጀመራል። «የሰው እጅጌ ላይ ካፈሰስሽ ወደ ተፍኪ በመጣሽበት እግርሽ ትመለሻለሽ» አሉኝ። አላፈሰስኩም። ንጉሡ እስኪወርዱ ድረስ እዚያው ቤት አሳላፊ ሆኜ ኖርኩ።

እናንተ ዛሬ ሆቴል የምትሠሩ ልጆች አትሳቁብኝ፣ ያ ቤት ይናፍቀኛል። የገበያ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ባህር ዛፍ የተጫኑ አህዮች በበራችን ያልፋሉ፣ የጅማ ከባድ መኪኖች ይቆማሉ፣ አዳራሹ ውስጥ አማርኛውና ኦሮምኛው አንድ ላይ ይንጫጫል። ሽማግሌ ሲገባ ደግሞ ሰዉ ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ ይልና «ኖር» ይላል። የገባውም «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጣቸዋል። የጎረሰ እንኳ ጉርሻውን በጉንጩ ይዞ ይነሳል እንጂ ቁጭ አይልም። ወጉ እንደዚያ ነበር።

ጋሼ ታደሰ የገበያ ቀን ደንበኛዬ ነው። የጅማ መንገድ ሾፌር ነበር፤ መኪናው ተገልብጦበት እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። በጋሪ ይመጣል፣ ባለጋሪው ደግፎ ደረጃውን ያወጣዋል፣ ገና ሰው ሳይሞላ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ይቀመጣል። ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ትልቅ ነው፤ አንዴ ከተቀመጠ ምንም የጎደለው አይመስልም። ክራንቾቹን ለእኔ ይሰጠኛል።

«ጓዳ አስገቢልኝ። ለማንም እንዳትናገሪ፣ አደራ። ምሳዬን እስክበላ እንኳ እንደ ሰው ልቀመጥ» ይለኝ ነበር።

ቤቱ ጭር ሲል አወጣለታለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው ነው፤ ከሰው የሚቀላቀለው በዚያች ምሳ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ኦቦ ቶሎሳ ገቡ። ኦቦ ቶሎሳ የአካባቢው አስታራቂ ናቸው፤ የተጣላ ሰው ያለ እሳቸው አይታረቅም። አዳራሹ ብድግ አለ። ጋሼ ታደሰ ብቻ ቀረ። አንገቱን ሰብሮ «ኖር» ሊል ሞከረ፣ ድምፁ ግን አልወጣም። ከጎኑ የነበረ ቆዳ ነጋዴ «ሰው አይተህ አትነሳም? ምን ያለ ጥጋብ ነው!» አለው። አፌን ልከፍት ስል ጋሼ ታደሰ በዓይኑ ያዘኝ። ዋጥ አደረግኩት። ኦቦ ቶሎሳ ጀርባቸውን ሰጥተውት ተቀመጡ።

እኔ ደግሞ ስናደድ አልቻልም። ጋሼ ታደሰ ጥጋበኛ ይባል! እንጀራው ፊት ለፊቱ ደረቀ፤ አንዴም አልጎረሰም። ለኦቦ ቶሎሳ ልንገራቸው ወይ ብዬ ክራንቾቹን ጓዳ የሚያዩትን እትዬ የሺን ብጠይቅ፣ አደራ ተብለሽ የለም እንዴ፣ አፍሽን ዝጊ አሉኝ። እሺ፣ አፌን ዘጋሁ። እጄን ግን የከለከለኝ የለም።

በእኛ ቤት የሽማግሌ ዱላ ከበሩ ጀርባ ይቆማል፤ አሳላፊዋ ተቀብላ ታስቀምጣለች፣ ሲወጡ ታቀብላለች። ሹልክ ብዬ ክራንቾቹን ከጓዳ አወጣሁና ከኦቦ ቶሎሳ ዱላ አጠገብ አቆምኳቸው። ሲነሱ ዱላውን አላቀበልኳቸውም፤ ሳህን ስሰበስብ ያላየሁ መሰልኩ። ራሳቸው ወደ በሩ ጀርባ ጎንበስ ብለው ቆዩ። ከዚያ ዞረው አዳራሹን አዩ። ሰዉ ሁሉ ሊሸኛቸው ቆሟል፣ የተቀመጠው አንድ ሰው ነው። ዱላቸውን አንስተው ወጡ።

በሚቀጥለው ገበያ ጋሼ ታደሰ ቀረ። በሌላውም ቀረ። ኦቦ ቶሎሳ በመጡ ቁጥር መጀመሪያ የሚያዩት ያንን ጥግ ነበር። እኔ ባለጋሪውን ይዤ፣ ዛሬ ሳታመጣው ብትመጣ እዚህ ቤት ውሃ አትጠጣም አልኩት። አመጣው። አኩርፎ ነበር። ክራንቾቹን እንደ ወትሮው ሰጠኝ፣ እኔም ጓዳ አስገባሁ።

ቤቱ ከሞላ በኋላ ኦቦ ቶሎሳ መጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ሰዉ ብድግ ሊል ሲል እጃቸውን ዘረጉ።

«ታኣ፣ ታኣ! ተቀመጡ። ዛሬ ማንም እንዳይነሳልኝ።»

ቆዳ ነጋዴው ግማሽ ተነስቶ ነበር፣ ተመልሶ ቁጭ አለ። እንደዚያ ያለ ሽማግሌ ገብቶ አዳራሽ ሙሉ ሰው ተቀምጦ ሲጠብቅ በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ኦቦ ቶሎሳ ቀጥ ብለው ወደ ጥጉ ሄዱ።

«ኖር» አለ ጋሼ ታደሰ፣ እንደተቀመጠ።

«በእግዜር፣ ልጄ» አሉና ከጎኑ ተቀመጡ።

ከአንድ ትሪ ቅቅል በሉ። ስለ ጊቤ ቁልቁለት፣ ስለ ክረምቱ ጭቃ ሲያወሩ ያ ትልቅ ሳቁ ተመለሰ። እኔ ሳስታጥባቸው ሳቁን እየሰማሁ ውሃውን ረሳሁና የኦቦ ቶሎሳን እጅጌ አራስኩት። እትዬ የሺ አዩኝና እንዳላየ ፊታቸውን አዞሩ።

ኦቦ ቶሎሳ ለመሄድ ተነሱ። ሰዉ ይነሳ አይነሳ ግራ ገብቶት እርስ በርሱ ይተያያል። ያኔ ጋሼ ታደሰ ጠራኝ።

«ክራንቼን አምጪልኝ» አለ፣ ጮክ ብሎ፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ።

አመጣሁለት። በብብቱ ስር አስገባቸውና ጠረጴዛውን ገፋ፤ ላብ ግንባሩን አጠመቀው። ባለጋሪው ሊደግፈው ሲል ኦቦ ቶሎሳ በእጃቸው ከለከሉት። ዱላቸውን ይዘው፣ ሳይቸኩሉ ጠበቁት። ተነሳ። ቀጥ ብሎ ቆመና እጅ ነሳቸው፣ እሳቸውም እጅ ነሱት። «በቃ ልጄ፣ አሁን ተቀመጥ» ብለውት ወጡ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ክራንቾቹ ጓዳ አልገቡም፤ ወንበሩን ተደግፈው ይቆሙ ነበር። በኋላ እኔም በተራዬ አዲስ አሳላፊዎችን ሳስለምድ ማንቆርቆሪያውን ካስያዝኩ በኋላ ይህንን እነግራቸው ነበር፦ የእንግዳ ክራንች የእንግዳው እጅ ከሚደርስበት ቦታ ይቀመጣል።