ኮሪደር ላይ የተሰቀለው ባጅ

ታናሽ እህቴ ግትር ናት፤ ይህን የምለው እየወደድኳት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ራጅ ስታነሳ ኖራ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ የኑክሌር ሕክምና ሰርተፊኬት ካልያዝኩ ብላ ሙጭጭ አለች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ አጠገብ ቁጭ ብላ ጮክ እያለች ስታጠና፣ ሳልመዘገብ ግማሹን ትምህርት ተማርኩት። ጨረር ያለው መድኃኒት በመርፌ ለበሽተኛው ይሰጣል፤ ከሰውነቱ የሚወጣውን ጨረር ካሜራው ያነሳዋል። የመድኃኒቱ ኃይል በየስድስት ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል።

«እንዳንቺ ትዕግሥት ማለት ነው፣ እትዬ» ትለኛለች። አይ ምላሷ!

ተማሪዎቹ ሁሉ ደረታቸው ላይ ጨረር የሚለካ ትንሽ ባጅ ያደርጋሉ። በየሦስት ወሩ ይነበባል። ንባቡ ከፍ ያለበት ተማሪ ከመድኃኒት ክፍሉ ይታገዳል፤ አንዲት ጓደኛዋ በዚሁ ሰበብ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀርታለች። የእህቴ እጅ ደግሞ ቀርፋፋ ነው፤ ሌሎቹ በአንድ ደቂቃ የሚቀዱትን መርፌ እሷ ትንቀረፈፍበታለች፤ በቆየች ቁጥር ደግሞ ጨረሩ ይበዛባታል። እና ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? መድኃኒት ልትቀዳ ስትገባ ባጇን ፈታ ኮሪደሩ ላይ፣ የጋዋን መስቀያው ላይ ትሰቅለዋለች! እየሳቀች ስትነግረኝ ደሜ ፈላ።

«ባጁን ብትደብቂው ጨረሩ አንቺን የሚያጣሽ መሰለሽ?»

«ሁለት ወር ብቻ እኮ ነው የቀረኝ፣ እትዬ።»

ለፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው በጠራራ ፀሐይ ሱቄ ድረስ መጣች። ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም።

«አርግዣለሁ። ሁለት ወር ከግማሽ ሆኖኛል።»

በትዳር ሰባት ዓመት ስትጠብቀው የኖረችው ልጅ ነው። ዘልዬ ላቅፋት ስነሳ ፊቷን አየሁት፤ አመድ መስሏል። ያኔ ባጁ ትዝ አለኝ። መቀሴን አስቀምጬ፣ ሱቁን ዘግቼ አብሬያት ወደምትለማመድበት ሆስፒታል ሄድኩ።

አስተማሪዋ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ የተቀመጠ፣ ሽበታም ሰው ነው። እርግዝናዋን ስትነግረው ፋይሏን ከፈተ።

«የባጅሽ ንባብ ትናንት ደርሷል። ባዶ ነው ማለት ይቻላል። እጅሽ ፈጥኗል ማለት ነው፤ ጎበዝ! ልጅሽንም ምንም አልነካውም።»

ዝም ብትል ሰርተፊኬቱ እጇ ገብቷል። እውነቱን ልናገር፣ ዝም እንድትል የፈለግኩበት ቅጽበት ነበረ። አፍሬበታለሁ።

«ባጁ ውሸቱን ነው፣ መምህር» አለች። «ያስዋሸሁት እኔ ነኝ።»

አንድ በአንድ ነገረችው። ሰውየው መነጽሩን አወለቀ።

«ይህን ካልሽ ልምምድሽ ይሰረዛል። ፈተናው ላይም አትቀመጪም። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል። ልጄ ላይ ስንት ጨረር እንደደረሰ ግን ማወቅ አለብኝ።»

ከመደርደሪያው ወፍራም መዝገብ አወጣ። የቀዳችው መርፌ ሁሉ ከነመጠኑ፣ ከነፊርማዋ ተጽፏል። ካረገዘች ወዲህ የቀዳችውን በጣቱ እየነካ ቆጠረ፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆነ።

«አንዱን ለመቅዳት ስንት ደቂቃ ይፈጅብሽ ነበር? እውነቱን።»

እህቴ እጆቿን አየቻቸው።

«ሦስት» አለች፣ ድምጿ በጭንቅ እየተሰማ። «አንዳንዴ አራት።»

ሰውየው አራት ብሎ ጻፈና ማባዛት ጀመረ።