ጥይት በሦስት ፊርማ

ኮረብታው ስም አልነበረውም፤ በካርታችን ላይ ቁጥር ብቻ ነበረው። ይዘን እንድንጠብቀው የታዘዝነው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አራት ሰዓት ሲሆን ጥይታችን ሊያልቅ ደረሰ። መጋዘኑ ከኋላችን፣ ቁልቁለቱ ሥር ነው። ግን ያለ ሦስት ፊርማ አይከፈትም፤ የብርጌዱ አዛዥ፣ የፖለቲካ ካድሬውና የደህንነቱ ሹም መፈረም አለባቸው። እየተማከሩ ነው ተባልን። ጠበቅን። ጠላት ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለቴም መለስነው። ለሦስተኛው ሳንጃ ሰካን።

የእኛ አዛዥ ሻምበል ጌታነህ ዝምተኛ ሰው ነበር። ወረደና ጓጉንቸሩን በሰደፍ ሰበረው። «ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ ስሜን ጻፉ» አለ። ሳጥኖቹን በትከሻችን ተሸክመን ወጣን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠላት አፈገፈገ። ኮረብታው በእጃችን ቀረ። ሻምበሉም ተጠርቶ ተጠየቀ፤ ያደረገውን ተናግሮ ከነማዕረጉ ተመለሰ።

ይህን ለዓመታት ለማንም አላወራሁም። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ ለንደን ኬኒንግተን ስኖር፣ ታሪክ ለመማር ኮሌጅ አፕላይ አድርጌ ገባሁ። አስተማሪያችን የፖላንድ ስደተኞች ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ክፍሉን የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን የፖላንድ ፓርላማ አደረገችው። ክርክሩ ሠራዊቱን ማን ያስተዳድር የሚል ነው፤ ዕድሜ ልኩን የተሾመ፣ ማንም የማይጠይቀው የጦር አለቃ ወይስ ለፓርላማው ተጠያቂ የሆነ ኮሚሽን? እኔ የደረሰኝ የኮሚሽኑ ወገን ነው።

ለወዲያኛው ወገን የተናገረው ከብሪክስተን ሰፈር የሚመጣ፣ ሥራው አውቶቡስ መንዳት የሆነ የክፍላችን ተማሪ ነበር። በጦርነት መሀል ኮሚቴ ሰው ያስፈጃል አለ። ክፍሉ አጨበጨበለት። እውነቱን ለመናገር የእኔም ልብ ከእሱ ጋር ነበር። ተነስቼ ስለ ኮረብታው ነገርኳቸው። ነገሩ የገባኝ እየተናገርኩ ሳለ ነው።

«እኛን ያስፈጀን የፈራሚዎቹ መብዛት አይደለም» አልኩ። «ከሦስቱ አንዱም የሚጠየቅ አልነበረም። ሻምበላችን ግን ስሜን ጻፉ አለ። ሠራዊት የሚጠየቅ ሰው ይፈልጋል፤ አንድም ይሁን ብዙ።»

ድምፅ ተሰጠ። ከአራት ሰው በቀር ሁሉም እጁን ለእኛ አነሳ። ነጂውም አነሳ፤ መጥቶም ጨበጠኝ። ቀና ብዬ ወጣሁ። ፖላንዶቹ ሠራዊታቸውን ለማደስ የተነሱት ዘግይተው ነበር፤ ጎረቤቶቻቸው አገራቸውን ተቀራመቷት። እኛ ግን ኮረብታችንን አላስነካንም።

ኮረብታው ላይ በዋልንበት ቀን አሥራ አንድ ሰው ቀበርን። ስምንቱ የወደቁት ፊርማ ስንጠብቅ ነው። አሸነፍን ስላችሁ እነዚያን ስምንቱን ቆጥሬ ነው።