ለሚስቴ የተፈላው ሰነመኪ

በሕይወቴ ሦስት ጊዜ ጀግንነት ሠርቻለሁ ብዬ አውርቻለሁ። ሁለቱ ውሸት ናቸው። ሦስተኛው ግን ምስክር አለው፤ ከጓሯችን ጀርባ የቆመው ቁልቋል። እስከ ዛሬ ከጎረቤቶቹ ሁለት ክንድ ይረዝማል። ማን እንዳዳበረው አሁን እነግራችኋለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ መንደራችን ከመካነ ሰላም ሦስት ሰዓት በእግር ያስኬዳል። ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል። ሁለተኛው በወረደ ሰሞን፣ እኔ ሳልሰማ፣ ከደብራችን በር ላይ ቆማ ተስላለች። ሦስተኛው እንዲተርፍልኝ ዐቢይ ጾምን በሙሉ፣ የቅዳሴ መውጫ ሰዓት ሳይደርስ፣ ውሃ እንኳ ባፌ አይገባም ብላ። የቅዳሴ መውጫ ማለት በጾም ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው። ነፍሰ ጡር እንድትጾም እንደማትገደድ እኔ የቄስ ልጅ ነኝና አላጣሁትም። ግን ስለት ስለት ነው። ደግሞ የሚስቴን ቃል ከማስለወጥ ዓባይን ሽቅብ ማስፈሰስ ይቀላል።

በጾሙ አራተኛ ሳምንት ሆዷ ደረቀ። ምን ይገርማል? ቆሎ፣ በሶ፣ የሽምብራ ቂጣ፤ እኛ በአንድ ጾም የምንበላው ደረቅ ነገር ቢሰበሰብ ከመካነ ሰላም ደሴ ያለውን መንገድ ያነጥፋል። ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ አንድ ጣሳ ውሃ ትጠጣለች፤ ልጁ ሆዷን ሞልቶት ከዚያ በላይ አይገባላትም። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን። ተቀምጣ መነሣት፣ ተነሥታ መቀመጥ አቃታት። እኔን ያስፈራኝ ግን ማማጧ ነው። ከጓሮ በባዶ ስትመለስ ፊቷ በላብ ይጠመቅ ነበር። አንድ ቀን እጄን ያዘችና፣ «እንዲህ ሳምጥ ልጁ ቢወጣብኝስ?» አለችኝ። ሳቄ እዚያው ደረቀ። ይህን ልጅ ከነእናቱ ሳላድን እንዳልተኛ ወሰንኩ። ተኝቻለሁ እንጂ፤ ውሳኔው ግን አልተኛም።

እናቴ ከኛው ጋር ትኖር ነበር፤ የቤቱ ሐኪም እሷ ናት። መጀመሪያ ተልባ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ከበሶው ጋር ጠቅጥቃ አበላቻት። «ተልባ ያንሸራትታል» አለች። አላንሸራተተም። ጭራሽ በማግስቱ የባለቤቴ ሆድ እንደ ከበሮ ተወጠረ።

«ጠንከር ያለ ነገር ካልጠጣች አይለቃትም» አለች እናቴ።

የእናቴ የሕክምና ትምህርት ቤት ኮሶ ነው። በኛ አገር በየሁለት ወሩ ቤተሰቡ ኮሶውን ይጠጣል፤ የዚያን ቀን ጠጪውን የሚጠራው፣ የሚያዘው የለም። የቀበሌው ሊቀመንበር እንኳ «ኮሶ ጠጥቻለሁ» ያለውን ሰው ከስብሰባ ቀረ ብሎ አይጽፈውም። በዚህ የተነሣ እኛ ቀበሌ የተጠጣው ኮሶ ቢቆጠር፣ ትል የሚባል ፍጥረት ከወሎ ምድር የጠፋ ይመስላችኋል። ለእናቴ ያላንቀጠቀጠ መድኃኒት መድኃኒት አይደለም፤ ልኩም አንድ ነው፣ ሙሉ ዋንጫ።

«ኮሶ ለእርጉዝ አይሆንም፤ ይህን አላጣውም» አለችኝ። «ሰነመኪ ግን ቅጠል ነው። ቅጠል ምን ያደርጋል? ጎመን ማለት ነው። ሂድና ከገበያ አምጣ።»

በገበያው ቀን መካነ ሰላም ወረድኩ። ሰነመኪ የምትሸጠው ከከላላ በኩል የመጣች ጠና ያለች እስላም ሴት ናት፤ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድና የደረቀ ቅጠል፣ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ዘርግታለች።

«ሰነመኪ ይኖርዎታል?»

«አለ። ለማን ነው?»

እንግዲህ አስቡት፤ ወንድ ልጅ የሚስቱን ሆድ በገበያ መሀል ሲያወራ። ግራና ቀኝ የማውቃቸው ሰዎች ቆመዋል።

«ለራሴ» አልኩ።

«ስንት ቀንህ ነው?»

«አምስት።»

ሆዴን አየችው። ሆዴ በጾም ከጀርባዬ ጋር ተጣብቋል። «የት ደበቅኸው?» አለችኝ። አጠገቧ ያለችው ሽንኩርት ሻጭ ሳቀች። «ያስመልስሃል? ደም ታያለህ? ሆድህን ቆርጦ ይይዝሃል?»

«የለም።»

«እንግዲያው አብሽር። በሦስት ጣት ቆንጥር፤ በእፍኝ አላልኩህም። በአንድ ስኒ ፍል ውሃ ዘፍዝፈህ፣ አጥልለህ፣ ማታ ጠጣና ተኛ፤ ጠዋት ይለቅሃል። ውሃ አብዛበት። ሦስት ቀን ሞክረህ እንቢ ካለህ ክሊኒክ ሂድ እንጂ እኔ ዘንድ አትመለስ። ሆድ እንደ ሰነፍ አህያ ነው፤ ዱላ ካስለመድከው ያለ ዱላ አይሄድልህም።» ቅጠሉን በወረቀት ጠቅልላ ልትሰጠኝ እጇን ዘረጋችና መሀል መንገድ ላይ አቆመችው። «እርጉዝ ሴት ግን ሐኪም ሳያያት አንዲት ቅጠል እንዳታቀምስ። ወላሂ፣ ሁለት ነፍስ ነው።»

«እርጉዝን ምን አመጣት እዚህ?»

«ፊትህ ነዋ። ሆዱ የደረቀ ሰው ይኮሳተራል። አንተ ግን ፈርተሃል።»

«ለራሴ ነው አልኩዎት እኮ!»

«እሺ፣ ለራስህ ይሁንልህ» አለችና ሰጠችኝ።

ክሊኒኩ ከዚያ የድንጋይ ውርወራ ያህል ነበር። አልገባሁም። የዋሸ ሰው እግሩ ወደ ቤቱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ወረቀቱን ይዤ ዳገቱን ስወጣ፣ ለእናቴ የሴትዮዋን ቃል እነግራለሁ፣ ነገሩም ያበቃል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ስደርስ እናቴ ለቅሶ ሄዳለች። ወረቀቱን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩና ለባለቤቴ፣ «እኔ ሳልናገር እንዳትነኪው» አልኳት። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ በሬዎቼን ይዤ ወጣሁ። እናቴን ፊት ለፊት መቃወም ከማረስ ይከብዳል፤ እኔም ማረሱን መረጥኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ እናቴ ምድጃው አጠገብ ቆማለች። ያመጣሁትን ቅጠል ሁሉ፣ አንድ ሳታስቀር፣ እንደ ኮሶ አፍልታዋለች። ዋንጫው ሞልቷል። ባለቤቴ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«አፍንጫሽን ያዥና አንዴ ጨልጪው» ትላታለች እናቴ።

«ቆይ!» አልኩ። «እማዬ፣ ይህ ለእርጉዝ አይሆንም ተብሏል።»

«ማነው ያለው?»

«ሻጯ።»

«እኔ ስምንት ወልጃለሁ! ሻጯ ስንት ወለደች?»

«እሱን አልጠየቅኋትም።»

«ታዲያ ለእርጉዝ ካልሆነ ለማን ገዛኸው?»

«ለራሴ።»

«አንተ ምን ሆነህ?»

«ደርቄ።»

«ዛሬ በማለዳ ከጓሮ እያፏጨህ ስትመጣ አላየሁህም?»

ባለቤቴ ዋንጫውን ወደ አፏ ጠጋ አደረገችው። «ተዉት እማማ፣ ልጠጣው። ከዚህ ስቃይ ይሻለኛል።»

ለምን አልደፋኸውም እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በኛ ቤት የተፈላ መድኃኒት አይደፋም፤ ከደፋኸው በሽታውን ቤቱ ውስጥ ረጨኸው ማለት ነው። ወይ ይጠጣል፣ ወይ ይጠጣል። ከእጇ ነጠቅሁና ጨለጥኩት። መራራነቱን ልነግራችሁ አልችልም፤ ለአንድ ሳምንት ያየሁት ሰው ሁሉ መረረኝ። እናቴ ባዶውን ዋንጫ ገልብጣ አየችና፣ «በል እንግዲህ፣ እናይሃለን» አለች።

ያን ዕለት ምንም አልሆንኩም። እራቴን በላሁ፣ ፎከርኩ፣ «ሰነመኪ ይሉታል እንዴ ይህን!» አልኩ። ሊነጋጋ ሲል ተነሣብኝ። ከዚያ እስከ እኩለ ቀን ቁልቋሉ ዘንድ አርባ ጊዜ ተመላለስኩ። ባለቤቴ አሥራ አንድ ነው ትላለች፤ መቁጠር የጀመረችው ዘግይታ ነው። ሆዴን ቆረጠኝ፣ ከንፈሬ ተሰነጠቀ፣ ሰማይና ምድሩ ቦታ ተቀያየሩብኝ። የቀበሌው ጠሪ ለስብሰባ መጥቶ ከአጥር ውጭ ሲጣራ፣ እናቴ፣ «ኮሶ ጠጥቷል!» አለችው። «ባለፈው ሳምንትም ጠጥቶ ነበር እኮ!» አለና ሄደ።

በመጨረሻ ግድግዳ ተደግፌ ወደቅሁ። ባለቤቴ ጨውና ስኳር ጣል ያደረገችበት ውሃ በቅል ይዛ መጣች።

«ጠጣ።»

«ጾም ነው» አልኳት። እኔም ወግ አይቅርብኝ ብዬ።

«ደርቀሃል እኮ! ውሃህ አልቆ ልትሞት ነው። የሞተ አይጾምም፣ ጠጣ!»

ጠጣሁ። ሁለተኛውን ቅል ስጨርስ ዓይኔ ተከፈተ፤ አየኋት። የሷም ከንፈር እንደኔው ተሰንጥቋል።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔ ስለት አለብኝ።»

«ልጁ አልተሳለም።»

ባዶውን ቅል መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ሚስቴን ዝም ያሰኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዱላዬን ፈለግሁ። «ተነሺ፤ አሁኑኑ ንስሐ አባታችን ዘንድ እንሄዳለን» አልኳት። «በዚህ አቅምህ?» አለችኝ። «እየተሳብኩም ቢሆን።»

ደብሩ ቅርብ ነው፤ ለኔ ግን በየቁጥቋጦው እየቆምኩ ኢየሩሳሌም ደርሼ የምመለስ ያህል ፈጀ። ንስሐ አባታችን ሸምግለው፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ ከዋርካው ሥር ዳዊት ይደግሙ ነበር። ባለቤቴ ተንበርክካ ስለቷንም፣ ሆዷንም፣ ፍርሃቷንም ነገረቻቸው።

«ይህን ስለት ማን ተሳይ አለሽ?»

«ራሴ ነኝ፣ አባቴ።»

«ልጁን ስጠኝ ብለሽ ለመንሽ፤ ሲሰጥሽ ውሃውን ከለከልሽው። ፈትቼሻለሁ። ጠዋትም ቀንም ውሃ ትጠጫለሽ። ስለትሽን በሰላም ስትገላገዪ በጧፍ ትከፍያለሽ።»

«ስለቱን አፍርሼ ልጁ ቢሞትብኝስ?» አለች፤ ድምጿ አይሰማም ነበር።

«በኔ ላይ ይሁን» አሉ። «እኔ ነኝ የፈታሁሽ፣ እኔ እጠየቃለሁ። ነገ ደግሞ ሐኪም ዘንድ። መጀመሪያም እዚያ ነበር መሄዳችሁ።» ቀጥለው ወደኔ ዞሩ። «አንተስ፣ በዚህ ፀሐይ ምን ያንቀጠቅጥሃል?»

«የሚስቴን መድኃኒት ጠጥቼ ነው፣ አባቴ።»

«ምስጢረ ተክሊል እንዲህ ይላል እንዴ?» አሉ። ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ሁለት ናቸው።

በማግስቱ በተዋስናት በቅሎ ቀስ እያልን ክሊኒኩ ደረስን። ጤና ረዳቱ ሰውን ሁሉ ጓድ የሚል ወጣት ነው። ያስመልስሽ እንደሆን፣ ትኩሳት፣ ደም፣ የልጁ መንቀሳቀስ፣ አንድ በአንድ ጠየቃት። የእንጨት ጡሩንባ የመሰለ ነገር ሆዷ ላይ ደግኖ ጆሮውን ለጠፈ። አንዴ አነሣው፣ ቦታ ቀይሮ ደገመ።

«ልጁ ደህና ነው» አለ። «ምን ሰጣችኋት?»

ተልባውን ነገርነው። «በደረቁ?» አለ። «ተልባ ውሃ ሲያገኝ ያንሸራትታል፤ ውሃ ካጣ ምርጊት ነው። አንድ ማንኪያ ወቅጣችሁ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ዘፍዝፉ፤ ትጠጣው፣ በላዩ ሌላ ብርጭቆ ውሃ ትድገም። ጎመን ትብላ፣ ቀስ እያለች ትራመድ፣ አታምጥ። ካስመለሳት ወይ ሆዷን ቆርጦ ከያዛት ግን ቀንም ሌሊትም ሳትሉ አምጧት።» ከዚያ እኔን አየኝ። «ጓድ፣ አንተ ምን ሆነህ ነው?»

«የሷን ሰነመኪ ጠጥቼ።»

«ምን ያህል?»

«የገበያውን።»

«ለምን?»

«ለአብዮቱ!»

መጀመሪያ በሩን አየ፤ ማንም አለመኖሩን ሲያረጋግጥ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

በሁለተኛው ጠዋት ባለቤቴ ወደ ቁልቋሉ ሄደች። እኔና እናቴ ከአጥሩ ወዲህ እንደ ዘብ ቆመን ጠበቅን። ስትመለስ ላብ አልነበረባትም። ፊቷን ሳየው ገባኝ፤ እናቴ ግን ከኔ ቀድማ እልልታዋን አቀለጠችው። መንደሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። «ምን ወለደች? ምን ወለደች?» ይላል። መልሱን መናገር እኔን እንኳ ከበደኝ።

የወለደችው ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ሴት ልጅ። ጩኸቷ ከላላ ድረስ ተሰምቷል።

ክርስትናዋ ካለፈ በኋላ በገበያ ቀን መካነ ሰላም ወረድን፤ ሕፃኗ በእናቷ ጀርባ ላይ ናት። ቀጥ ብዬ ሰነመኪ ሻጯ ዘንድ ሄድኩ። «እርስዎን ዋሽቼዎታለሁ» አልኳት። «ለራሴ ነው ያልኩዎት ለሚስቴ ነበር።»

ቀና ብላ ባለቤቴን አየች፣ ከጀርባዋ የወጣችውን ትንሽ እግር አየች። «ማሻ አላህ» አለች። «ታዲያ ማን ጠጣው?»

«እኔ።»

«በሦስት ጣት?»

«በዋንጫ።»

ሽንኩርት ሻጯ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እሷ ግን አልሳቀችም፤ የልጅቷን እግር በአውራ ጣቷ ዳሰስ አደረገችና፣ «እንግዲያ አልዋሸህም፤ ለራስህ ነበር» አለችኝ።